የእድር ቤቱ ግድግዳ ስክሪን የሆነበት መንገድ

በሰኔ 2016 ዓ.ም. አንድ ማታ የእድራችን ዳኛ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስክሪኑ ተሰበረ። ልጆቹ ደግሞ ፈተናቸው ደረሰ። ምን ይሻላል?» አሉኝ።

እድር ቤታችን ስድስት ኪሎ ነው። ከሰማዕታት ሐውልት ብዙም አይርቅም። ከውጭ ለሚያየው ተራ የድንጋይ ቤት ነው። ውስጡ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ይቀመጥበታል። ማታ ማታ ግን የሰፈሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይማሩበታል። አንድ የምህንድስና ተማሪ ነው በነጻ የሚያስጠናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ትንንሾቹ ፊልም ያያሉ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ፕሮጀክተሩን ኮርኒሱ ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነበርኩ። ለዚህ ነው ዳኛው ወደ እኔ የደወሉት።

በዚያ ሳምንት ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ለቅሶ ሲመጣ ያ ክፍል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባዶ መሆን አለበት። ድንኳኑ ይወጣል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ድስቱ ይወጣል። የድንኳኑን ቋሚ ብረቶች በጥድፊያ ሲያወጡ ባለ ሦስት እግሩ ስክሪን ተገፍቶ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ፣ ጨርቁም ተቀደደ። ማንንም አልወቀስንም። ሬሳ በቤት ተቀምጦ እያለ ስለ ስክሪን የሚያስብ የለም።

ለጊዜው አንሶላ ወጠርን። አንሶላ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ይሸበሸባል፣ በር በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል። አስጠኚው ልጅ የግራፍ ጥያቄ ሲያሳይ ቀጥታ መስመሩ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። ከላይ የሚጠቀለል ስክሪን እንግዛ ያለ ነበረ። ነገር ግን ረጃጅም ብረት በሚገባና በሚወጣበት ክፍል እሱም ዕድሜ አይኖረውም። የማይወድቅ፣ የማይነሳ፣ ቦታ የማይይዝ ነገር ያስፈልገን ነበር። ያ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ነው።

ወሬው በእድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል ካናዳ ያለች ልጃቸው ጆሮ ደረሰ። እሷም የስክሪን ቀለም የሚባል አንድ ሊትር ጣሳ ገዝታ በዘመድ ላከችልን። ሐምሌ ላይ ደረሰ። ገንዘብ ያዡ ጣሳውን እንደ ማር ማሰሮ በሁለት እጃቸው ይዘው ነው ያመጡት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይህ ደስታቸው መታወቅ አለበት።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ይህ ቀለም ምን እንደሆነ ልናገር። ብዙ ሰው በውስጡ ብርሃን ያለ ይመስለዋል። ብርሃን የለውም። ቀለም ሁሉ የመጣበትን ብርሃን መልሶ ይበትናል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። የስክሪን ቀለም ከተራው የሚለየው በዋናነት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፍጹም አያብረቀርቅም። ሁለተኛ፣ ነጩም ሆነ ግራጫው ወደ ቢጫም ወደ ሰማያዊም አያደላም። ሦስተኛ፣ ሲቀባ ወጥ ሆኖ እንዲተኛ ተደርጎ ተሠርቷል። አንዳንዶቹ ደቃቅ የማይካ (የሚያብረቀርቅ ማዕድን) ወይም የብረት ቅንጣት ይጨመርባቸዋል። እነዚህ ብርሃኑን ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው አብዝተው ይመልሳሉ። በጎን ለተቀመጠው ግን ያጎድሉበታል። አንዳንዴም ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚብለጨለጭ ነገር ይታያል። ስክሪን ጉ የሚባለውን የመሰሉት ደግሞ በሁለት ዓይነት ቀለም ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ አንጸባራቂው ከስር ይቀባል፣ ከዚያ ማጠናቀቂያው ከላይ ይመጣል።

ይህን የሚለካ ጌይን የሚባል ቁጥር አለ። 1.0 ማለት የደረሰበትን ብርሃን ሁሉ ሳያስቀር ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚበትን ገጽ ነው። ጥሩ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ወደዚህ ይጠጋል። ግራጫ ከሆነ ከ1.0 ይወርዳል። ከ1.0 በላይ ከሆነ ብርሃኑን ከጎን ቀምቶ ለመሃል እየሰጠ ነው ማለት ነው። የእኛ ክፍል ወርዱ 4.5 ሜትር ነው። ልጆቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከፍተኛ ጌይን ለእኛ አይሆንም። የተላከልን ጣሳ ደግነቱ ቀላል ግራጫ፣ ቅንጣት የሌለው ነበር።

ነሐሴ ላይ ቀባነው። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው፣ የእኔም ነው።

ለአዲስ ዓመት እናድርሰው ብለን ቸኮልን። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ የዘይት ቀለም የተቀባ ነው፤ እንደ ብዙ የድሮ ቤት። ከወገብ በላይ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም አለው። እኛ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልነውና ያንን ሁሉ እንዳለ ተውነው። ቀለሙ ወፈር ሲልብን ውሃ ጨመርንበት። ፕላስቲክ ቀለም በውሃ ይቀጥን የለ ብለን ነው። ሩሎው ደግሞ ጸጉሩ ረጅም ነበር። ከመጋዘን ያገኘነው እሱን ነበር።

ማታውኑ አበራነው። ሁሉም አጨበጨበ። እውነትም ከአንሶላው ጋር ሲወዳደር ሌላ ነገር ነበር።

መስከረም ሳይጋመስ ከታች በኩል ቀለሙ ተነፋ። እንደ ተቃጠለ ቆዳ አረፋ ያዘ። በጣት ሲነካ በቁራጭ በቁራጭ ይነሳል። ከስሩ ነጭ ጨው የሚመስል ዱቄት አለ። ከላይ ያለው ደግሞ ባይላጥም የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ነበር። ጽሑፍ ሲወጣበት የፊደላቱ ጠርዝ ይሸራረፋል። ሩሎው ደጋግሞ የሄደበት ቦታ በሰንበር በሰንበር ይታያል። ገንዘብ ያዡ መጥተው አዩት። ምንም አልተናገሩም። ዝም ማለታቸው ነው ያመመኝ። ከጣሳው የቀረው ሩብ ሊትር ብቻ ነበር።

ያኔ ነው በሰፈራችን 40 ዓመት ቀለም የቀቡትን አዛውንት የጠራናቸው። መጀመሪያውኑ ልናማክራቸው ይገባ ነበር። ጋሼ ገቡ፣ ግድግዳውን አላዩም፣ ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ወጡ። ከኋላ ዞሩ። አሸንዳው ጥግ ላይ ውሃ የሚወርድበት ቱቦ መገጣጠሚያው ተሰንጥቋል። ክረምቱን ሙሉ የጣራው ውሃ በዚያ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ነው የከረመው። «እናንተ ከውስጥ ትቀባላችሁ፣ ሰማዩ ከውጭ ያጥብላችኋል» አሉን።

ሁለት ነገር ነበር ቀለሙን የጣለው። አንዱ እርጥበቱ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለፈው ውሃ ጨው ይዞ ወደ ውስጥ ይወጣል። ሲደርቅ ጨው ከልስኑ ላይ ይቀራል፣ ቀለሙንም ከስር ይገፋዋል። ሌላው የዘይት ቀለሙ ነው። ያ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ገጽ በውሃ የሚሠራ ቀለም እንዲይዝበት አይፈቅድም። በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ማብረቅረቁ ካልጠፋ፣ ከላዩም የሚያያይዝ የስር ቀለም (ፕራይመር) ካልገባ፣ ከላይ የተቀባው እንደ ላስቲክ ይላጣል። እኛ ሁለቱንም ዘለናቸው።

ከዚህ በኋላ አልቸኮልንም። መስከረም መጨረሻ ላይ ቱቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ቀየርን። ልስኑን ከመሬት እስከ 1.2 ሜትር ከፍታ አፈረስነው። ድንጋዩ ለሁለት ሳምንት አየር አገኘ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ እንደገና ተለሰነ። የሲሚንቶ ልስን ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ያህል ቢቆይ ይመከራል። እኛ ከዚያ በላይ ቆየን። ከዚያ ጋሼ አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ በአራት ጠርዙ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጣበቁና ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው ላስቲኩን ገለጡ። ከስሩ ጤዛ ቢኖር ግድግዳው ገና ነው ማለት ነው። ደረቅ ነበር። ይህን ሙከራ ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

ቀጥሎ ገጹ ነበር። ጋሼ ረጅም ስታጃ፣ ማለትም ቀጥ ያለ የልስን ማስተካከያ ዘንግ፣ በግድግዳው ላይ አጋደሙ፤ ብርሃን በስሩ የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ከበቡ። እኔ ደግሞ የስልኬን መብራት ግድግዳው ላይ ለጥፌ በጎን አበራሁ። ክፍሉ ጨለማ ሆኖ መብራት በጎን ሲመጣ ትንሿ ጉድፍ ሁሉ ጥላ ትጥላለች። ያየነው ያስደነግጥ ነበር። ፊት ለፊት ሲታይ ልስልስ ያለው ግድግዳ ከጎን የተቆፈረ ማሳ ይመስላል። ሁለት ዙር እስቱኮ፣ ጉድፉን የሚሞላው ማለስለሻ፣ ገባበት። በየዙሩ ታሸ፣ አቧራው ተጠረገ፣ እንደገና በጎን መብራት ታየ። ሦስት ቀን የፈጀው ይህ ነው። ቀለም መቀባቱ ራሱ፣ የመድረቂያው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። የእኛ ፕሮጀክተር ከኮርኒስ፣ ከሦስት ሜትር ገደማ ርቀት ነው የሚያበራው። ብርሃኑ ግድግዳውን የሚመታው ፊት ለፊት ስለሆነ ዘርጋ ያለ ሞገድ ብዙም አይታይም። የሚጎዳው ትንሽ ትንሹ ጉድፍ ነው። የምስሉ አንዲት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ የጉድፉ ጥላ ፊደልን ለመሸራረፍ ይበቃል። ከግድግዳው ስር ተቀምጠው ወደ ላይ የሚያበሩትን አዳዲሶቹን ፕሮጀክተሮች የገዛ ሰው ግን ለሞገዱም መጠንቀቅ አለበት። እነሱ ግድግዳውን በጣም አጋድለው ነው የሚመቱት። ትንሿ እብጠት ምስሉን ትጎትተዋለች።

ግድግዳው እየደረቀ እያለ እኔ ስለ ብርሃኑ አሰብኩ። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው ክፍል።

ፕሮጀክተራችን ሳጥኑ ላይ 3,300 ሉመን ይላል። ሉመን ማሽኑ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ ነው። አምፖሉ ግን አርጅቷል። የአምፖል ዕድሜ ተብሎ የሚጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። የእኛ የሰዓት ቆጣሪ ወደዚያ ተጠግቷል። ስለዚህ 1,650 ሉመን ብዬ ያዝኩ። ምስላችን 2.4 ሜትር በ1.5 ሜትር ነበር፤ ስፋቱ 3.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሉመኑን ለካሬው ስናካፍል ግድግዳው ላይ የሚያርፈው 458 ሉክስ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር 458 ሉመን ነው። ከዚያ በስልኬ አፕ ክፍሉን ለካሁ። የስልክ መለኪያ ቁርጥ ያለ አይደለም፣ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቱ ክፍት ሲሆን ግድግዳው ላይ 120 ሉክስ ገደማ አለ። በወፍራም ጨርቅ ስሸፍነው ወደ 12 ወረደ።

ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን የለውም። ጥቁር ሆኖ የሚታየን በዋናነት ግድግዳው ላይ ያለው የክፍሉ ብርሃን ነው። መስኮቱ ክፍት ሲሆን ነጩ ከጥቁሩ አምስት እጥፍ እንኳ አይበልጥም። መስኮቱ ሲሸፈን ወደ 40 እጥፍ ይጠጋል። የትኛውም ቀለም ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ግራጫ ቀለም ጥቁሩን ያጠቁረዋል ይባላል። እውነት ነው። ግን ነጩንም በዚያው ልክ ያጨልመዋል። ከመስኮት በቀጥታ ለሚመጣ ብርሃን ግራጫው የነጩንና የጥቁሩን ርቀት አያሰፋም። የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ከምስሉ ተነስቶ ነጭ ኮርኒስና ነጭ ግድግዳ ነክቶ የሚመለሰውን ብርሃን ይቀንሳል። ፕሮጀክተሩ ራሱ ጥቁር በሚለው ላይ የሚያፈሰውን ግራጫ ብርሃንም ያደበዝዛል። ለእኛ ነጭ ኮርኒስ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ከመጋረጃ ግን አይበልጥም።

ሌላው ነገር የምስሉ መጠን ነው። ሩብ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ቢቀባ የሚሸፍነው ሁለት ካሬ ተኩል ገደማ ነው። ለ3.6 ካሬ አይበቃም። መጀመሪያ ይህ አሳዘነኝ። ኋላ ግን ሒሳቡን ሳየው ደስ አለኝ። ምስሉን ወደ 2 ሜትር በ1.25 ብናሳንሰው ስፋቱ 2.5 ካሬ ይሆናል። ያው ብርሃን በትንሽ ቦታ ስለሚያርፍ 660 ሉክስ ይደርሳል። 44 በመቶ የበለጠ ብሩህ ሆነ ማለት ነው፤ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ። ግራጫው አንድ አምስተኛውን ቢቀንስብን እንኳ ከድሮው ነጭ ትልቅ ምስል ይበልጣል። አስጠኚው ልጅ «ከኋላ ያሉት ያነቡት ይሆን?» ብሎ ሰጋ። የፊደሉን መጠን ከ24 ወደ 32 ከፍ አደረገው። ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ እኔ ራሴ ተቀምጬ አነበብኩት።

ፕሮጀክተሩን 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ምስሉን በማሽኑ ሜኑ ከመጠምዘዝ ይልቅ ማንጠልጠያውን በውሃ ልክ አስተካክዬ ካሬ አወጣሁት። በሜኑ ሲስተካከል ነጥቦች ይባክናሉ፣ ጽሑፉም ይደበዝዛል። በዚያው አጋጣሚ አንድ ነገር አገኘሁ። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ሲሠሩ ማራገቢያው እንዲፈጥን የሚያደርግ የከፍታ ቦታ ምርጫ አላቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑን በደንብ አያቀዘቅዝም። የእኛ ምርጫ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ጠፍቶ ነው የኖረው። አበራሁት። ድምፁ ትንሽ ጨመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮጀክተር ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ ማታ ይህን ቢያይልኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ክርክር መጣ።

እኔ የስክሪኑን ዙሪያ በጥቁር ከፋይ ጨርቅ እንክፈፈው፣ ከፊት ያለውን ኮርኒስና የጎን ግድግዳ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀለም እንቀባው አልኩ። ጥቁር ከፋይ ብርሃን ይውጣል። ከምስሉ ጠርዝ የሚያመልጠውን ይሰበስባል። ምስሉም በዓይን ላይ ደመቅ ብሎ ይታያል። በእድሩ ስብሰባ ላይ ይህን ሳስረዳ አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ ይህ ቤት የሐዘን ዕቃ የሚቀመጥበት ነው። ልጆች ሲማሩበት ነው ትንሽ ብርሃን የገባበት። አሁን ደግሞ ከል ልታለብሰው ነው?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የተናገሩት ልክ ነበር። እኔ ብርሃን ለካሁ እንጂ የቤቱን ትርጉም አልለካሁም።

ከብዙ ንግግር በኋላ መካከለኛ መንገድ ተገኘ። ጥቁር ቀለም አይገባም። በስክሪኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ሰማያዊ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀላል። ሲያበሩ ይዘረጋል፣ ሲጨርሱ ይሰበሰባል። መስኮቱም ያንኑ ጨርቅ ይለብሳል። መርካቶ ሄደው ጨርቁን የመረጡት እኚሁ እናት ናቸው። በስልኬ መብራት ከጀርባው እያበራሁ የሚያሳልፈውን ከማያሳልፈው ለዩልኝ። ከፋዩ ክፈፍ ቀረ። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ያ ክፈፍ ቢኖር እላለሁ። ግን ያ ቤት የእኔ ብቻ አይደለም።

አሁን ቀለሙ። አንድ ስስ ግራጫ ሽፋን በነጭ ላይ ቢቀባ ሩሎው የሄደበት ሁሉ በሰንበር ይታያል። ለሁለተኛ ሽፋን ደግሞ ቀለም የለንም። መላውን ያገኙት ጋሼ ናቸው። «ከስር ያለው ያንኑ ቢመስል ከላይ ያለው ቢሳሳ ማን ያውቀዋል?» አሉ። ተክለሃይማኖት ካሉት የቀለም ሱቆች የማያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ጥቁር፣ ቢጫና ቀይ ማቅለሚያ ገዙ። ነጭና ጥቁር ብቻ ሲደባለቁ የሚወጣው ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በዓይን ላያስታውቅ ይችላል። የሰው ፊት ሲወጣበት ግን የታመመ ያስመስላል። ጋሼ በጠብታ ቢጫ፣ ከዚያም ባነሰ ቀይ እየጨመሩ መለሱት። አንድ ጠብታ ሲጨምሩ ትንሽ በጂፕሰም ቦርድ ቁራጭ ላይ ይቀባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ከካናዳው ቀለም ጎን ያቆማሉ። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ስለሚለወጥ በእርጥቡ አይፈርዱም። 11 ቁራጭ ቆጠርኩ። በ11ኛው ላይ ሁለቱን ከዓይኔ አርቄ ሳያቸው መለየት አቃተኝ።

ያኔ አንድ ሙከራ አደረግን። አራት ቦርድ ጎን ለጎን አቆምን። አንዱ የካናዳው ቀለም፣ አንዱ የጋሼ ድብልቅ፣ አንዱ የማያብረቀርቅ ነጭ፣ አንዱ የድሮው ክሬም የሚያብረቀርቅ። ጀርባቸው ላይ ብቻ ጻፍንባቸው። ስምንት ተማሪዎች ተራ በተራ ገብተው የተሻለ ያሉትን ምስል እንዲመርጡ አደረግን። ክሬሙን ሁሉም ጣለው። ሰማዩን አረንጓዴ አስመሰለው፣ መሃሉ ላይም የአምፖሉ ነጸብራቅ እንደ ጨረቃ ቆመ። መጋረጃው ተዘግቶ ሲታይ አብዛኞቹ ነጩን መረጡ፣ ደመቅ ስላለ። መጋረጃው ገርበብ ሲል ወደ ግራጫዎቹ ዞሩ። ከሁለቱ ግራጫዎች መካከል ግን ምርጫቸው እዚህም እዚያም ነበር። አስጠኚው ልጅ የካናዳው ላይ የቆዳ ቀለም ይሻላል አለ። እኔ አላየሁትም።

ታዲያ ለምን የካናዳውን ቀባን? ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ስለሚታይ ግራጫው ይስማማናል፣ ያ አንዱ ነው። ሌላው ምክንያት ገንዘብ ያዡ ናቸው። ልጃቸው ከሰው አገር ስለ ሰፈሯ አስባ የላከችው ነገር መጣል የለበትም። ይህ ምክንያት ከሉክስ አያንስም ብዬ አምናለሁ።

ህዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተቀባ። መጀመሪያ ፕራይመር በዋዜማው ገብቷል። የጋሼ ድብልቅ ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ በመካከሉ አራት ሰዓት ያህል ቆየ። በማግስቱ የካናዳው። ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ተከልሏል። ሩሎው ጸጉሩ አጭር፣ አዲስ፣ አስቀድሞ ታጥቦ የደረቀ ነበር። ውሃ አንድ ጠብታ አልገባም። ጋሼ ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ ይወርዳሉ፣ የቀጣዩን ጠርዝ በእርጥቡ ላይ ያሳርፋሉ፣ የተቀባውን ተመልሰው አይነኩም። እኔ አንድ ቦታ ሳሳ ብሎ አይቼ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቢደግሙት?» አልኳቸው። «ተወው ይድረቅ። የዚህ ቀለም ጠላቱ የሰው እጅ ነው» አሉኝ። ሲደርቅ ያ ቦታ ጠፋ። ቀለሙ ልክ በመጨረሻው መስመር ላይ አለቀ።

የማያብረቀርቅ ቀለም አንድ ድክመት አለው። የእጅ ወዝ ይይዛል፤ ሲታሽም ያብረቀርቃል። ወንበር የሚደረደርበት ቤት ውስጥ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ክንድ ገባ ብሎ ወለሉ ላይ የሞራሌ እንጨት ቸነከርን፣ የአግዳሚው እግር እንዳያልፍ። ድንኳኑም ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ዞረ። ትንንሾቹ ልጆች ምስሉን በጣት ለመንካት ይሮጣሉ። ለእነሱ ምንም ዓይነት እንጨት አይበቃም። ከፊት የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ልጅ ተመደበላቸው።

ወጪውን በብር ባልዘረዝረው ይሻላል፤ ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል። ከአሥር ብር ውስጥ ስድስቱ ለልስን፣ ለእስቱኮና ለእጅ ዋጋ ሄዷል። ሁለት ተኩሉ ለመጋረጃ። የቀረው ለቱቦው፣ ለፕራይመሩና ለጋሼ ድብልቅ። የካናዳው ጣሳ ስጦታ ስለሆነ አልተቆጠረም። ቢቆጠር ድርሻው ከፍ ይል ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስብ ሰው ገንዘቡ ካነሰው ከጣሳው ይቀንስ እንጂ ከእስቱኮው አይቀንስ።

መጋረጃው ተዘግቶ ምስሉ ሲበራ አሁን ነጩ ከጥቁሩ ከ50 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ በስልኬ መለኪያ። አስጠኚው ልጅ የመጀመሪያ ቀን ያወጣው ያንን የግራፍ ጥያቄ ነበር። መስመሩ ቀጥ አለ።

ጥር ላይ እንደገና ለቅሶ ሆነ። ሌሊት ነበር። ድንኳኑ፣ ቋሚዎቹና ወንበሮቹ በ20 ደቂቃ ውስጥ ወጡ። ማንም ስለ ግድግዳው አላሰበም፣ ማሰብም አላስፈለገም። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሲመለስ ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል የጣት ርዝመት ያህል ጭረት አገኘን። የድንኳን ብረት ነው። ጋሼ የድብልቁን ትርፍ በክዳን ማሰሮ አስቀምጠውት ነበር፤ የ11ኛውን ቦርድ ቁራጭ ላዩ ላይ አስረው። በትንሽ ብሩሽ ነካ ነካ አደረጉት። ሙሉ ነጭ ገጽ ሲበራ፣ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው፣ ዛሬም ይታያል። ማሰሮው እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፣ ከብረት ድስቶቹ አጠገብ። ገንዘብ ያዡ በመዝገቡ ላይ አስፍረውታል፦ የግድግዳ ቀለም፣ ግማሽ ሊትር።